ከመሬት የተነሣው መስቀል

የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን አፌ ሥር ደቅነው «እማማ፣ ያቺን የሄሊኮፕተር ነገር ይንገሩን» እያሉ ካስቸገሩኝ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ማውራት አይሆንልኝም። እግሬ አያርፍም። እየተናገርኩ ወጣ እላለሁ፣ በጎቹን አይቼ እመለሳለሁ፤ እነሱም ስልካቸውን ይዘው ይከተሉኛል። «እማማ፣ ነፋሱ ድምፅዎን ወሰደው፤ እንደገና ከመጀመሪያው» ይሉኛል። የመንዝ ነፋስ ምን የማይወስደው ነገር አለ! ፊደል አልቆጠርኩም። የጻፈችው አንዷ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ አንብቢልኝ እያልኩ ያልወደድኩትን አስወጣሁ። የሰው ስም አይግባበት ብያታለሁ። የሞተውም ያለውም ዘመድ አለው።

በደርግ መጨረሻ ግድም ነው። ቤታችን ከሞላሌ ወደ ምዕራብ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ከደጃፋችን ቆሞ ለሚያይ ከታች ቆላው፣ ከቆላው ማዶ ደግሞ የመርሐቤቴ ተራራ ይታያል። ያን ጊዜ ታጋዮቹ ከበላያችን ያለውን ጉብታ ይዘዋል ይባላል፤ የመንግሥት ጦር ደግሞ ከሞላሌ ሊመጣ ነው ይባላል። ሁሉም ይባላል ነው። እኔ የበግ ጠጉር እየገዛሁ ከራቤል እስከ ሞላሌ ገበያ ለገበያ የምዞር ሴት ነበርኩና፣ አንዱን ወሬ ከአንዱ ገበያ እሰማለሁ፣ ተቃራኒውን ከሌላው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ስለተዘጋ ቤት ውያለሁ። ቤት መዋል ደግሞ ለእኔ እንደ መታሰር ነው። ወጣ እላለሁ፣ ገባ እላለሁ፣ ባለቤቴ «አንቺ ሴት፣ እስኪ አንድ ቦታ ቁሚ፤ አዞርሽኝ» ይለኛል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ አውድማ ላይ ነው። ባለቤቴ በሬዎቹን እያዞረ ያበራያል። የመጨረሻዋ ልጄ፣ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል፣ ከበሬዎቹ ኋላ ኋላ ትከተላለች። በሬው ጅራቱን ሲያነሣ ሮጣ ገለባ ትደቅንና እበቱን ትቀበለዋለች፤ ምርቱ እንዳይበላሽ። በዚህ ሥራዋ ትኮራ ነበር። «አንድም አላመለጠኝም!» ትላለች እየመጣች።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ለካ ከእግራችን ሥር ነው የሚመጣው። የመንግሥት ሄሊኮፕተሮች ገደል ገደሉን ተከትለው መጥተው ኖሮ፣ አፋፉ ላይ ድንገት ብቅ አሉ። አውሮፕላን ከላይ ይመጣል እንጂ ከታች ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? በሬዎቹ በርግገው በየአቅጣጫው ሸሹ። አንደኛው ሄሊኮፕተር አውድማችን አጠገብ ሲወርድ የዓመት ምርታችን፣ የተበራየውም ያልተበራየውም፣ ተነሥቶ ሰማዩን ሞላው። ዓይኔ ገብስ ገባበት። ስገልጠው ወታደሮች ከሆዱ እየዘለሉ ጎንበስ ብለው ወደ ጉብታው ይሮጣሉ፤ ልጄ ግን የለችም።

«በሬዎቹን ተከትላ ሄደች!» አለ ባለቤቴ።

ሮጥኩ። ሄሊኮፕተሮቹ ተመልሰው ገደሉ ውስጥ ጠፉ፤ እነሱ ሲጠፉ ጉብታው ላይ ተኩሱ ተጀመረ። እኔ ስሟን እየጠራሁ ከእርሻ እርሻ እዘላለሁ፤ የምትመልስልኝ የለችም። ከአንድ ካብ ኋላ ስደርስ ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት። በእግሯ ነው የምትመጣው። ጭኗን በእጇ ይዛዋለች።

«እማዬ፣ በሬው ወጋኝ መሰለኝ» አለችኝ።

በሬውስ ማዶ ቆሞ ይግጣል። ያነሣኋት ጊዜ ቀሚሴ በሙቅ ነገር ራሰ፤ ያኔ ነው ጥይት መሆኑ የገባኝ።

ይዣት ስመለስ አውድማችን የሰው አውድማ ሆኗል። ለጥ ያለ ነው፣ ዙሪያውን ካብ አለው፤ ቁስለኞቻቸውን በቃሬዛ ከጉብታው እያወረዱ እዚያ ያስተኙ ጀመር። ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። አንደኛው ጠና ያለ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ራዲዮ በጀርባው ያዘለ፣ ድምፁ ጎርናና። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ቦርሳ አንግቷል። ባለቤቴ ደግሞ መሐል ቆሞ፣ መንሹን እንደያዘ፣ ከሃምሳ አለቃው ጋር ይጣላል።

«ጫማህን አውልቅ!»

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ?»

«አውድማ ላይ በጫማ አይገባም! ምርት የተኛበት ነው! አውልቅ!»

በእኛ አገር አውድማ በባዶ እግር ነው የሚገባ። ይህን የማያውቅ የመንዝ ሕፃን የለም። ሃምሳ አለቃው ግን የከተማ ሰው ነው መሰል ዓይኑን አፈጠጠ።

«ጥይት እየወረደ ስለ ጫማ ታወራለህ?»

«ጥይቱን ያመጣው የአንተ ጫማ ነው!»

ቀጭኑ ልጅ ገና ከካቡ ውጭ ቆሞ ጫማውን አውልቆ ነበር። ሃምሳ አለቃው አየውና «ባላገር! አንተም ጀመርክ?» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ዞር ሲል እኔን አየኝ፤ የተሸከምኩትንም አየ። መንሹ ከእጁ ወደቀ። ስለ ጫማ ያነሣ ሰው ከዚያ በኋላ የለም።

ቀጭኑ ልጅ ተቀበለኝ። ገለባው ላይ አስተኝቷት ተንበረከከ፤ ቀሚሷን በመቀስ ቀደደ፣ ከቁስሉ በላይ በማሰሪያ ጠፈረው፣ በፋሻ ላይ ፋሻ ጠቀጠቀ። እጆቹ ፈጣን ናቸው፤ አፉ ግን ቀስ ብሎ ያወራታል።

«የትኛው በሬ ነው የወጋሽ? ቀዩ ነው?»

«ጥቁሩ።»

«ጥቁር በሬ ክፉ ነው። እንቀጣዋለን።»

«አትምቱት፤ ደንግጦ ነው» አለችው።

በዚህ መካከል አማቴ ከቤት ወጡ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ያን ጊዜ ወገባቸው ጎብጦ ነበር፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ልጅቱን አዩ፣ እሪ ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ቦርሳው ላይ ያለውን ቀይ መስቀል አዩና እጅ ነስተው ቀረብ አሉ።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እማማ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ሐኪም ነኝ።»

«ታዲያ መስቀሉን ምን አሸከመህ?»

«ሐኪም መሆኔ እንዲታወቅ ነው።»

«ተመስገን፤ መስቀል የያዘ እጅ ነው የነካት» አሉና ቦርሳውን ተሳለሙት። ልጁ እየቸኮለም ቢሆን እስኪሳለሙ ጠበቃቸው። ከዚያ «ጸበል ላምጣላት» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጀመሩ፤ ጥይቱ ሲያፏጭ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ልጁ ተነሥቶ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ትልቁ የደም ሥር ተነክቷል፣ እትዬ። አሁን አስሬዋለሁ። ማሰሪያው ብዙ ከቆየ ግን እግሯን ይገድለዋል፤ እዚህ ከፈታሁት ደግሞ እሷን ያሳጣናል። ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ማግኘት አለባት።»

«በምን ልውሰዳት? መንገዱ ተዘግቷል!»

«ቁስለኛ የሚያነሣ ሄሊኮፕተር ይመጣል።»

ሃምሳ አለቃው ሰምቶት ኖሮ «ለወታደር ነው የሚመጣው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ቦታ ይገኛል፣ አለቃዬ።»

«የት ይገኛል?»

«ይገኛል።»

ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም። የአንዱን ወታደር ግሉኮስ ከፍ አድርጎ እንደያዘ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባለቤቴ ሄዶ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ግሉኮሱን እንደ ጧፍ ይዞ ቆሞ ዋለ።

አውድማው በቁስለኛ ስለሞላ ሄሊኮፕተሩ ከጎን ባለው ግጦሽ ላይ እንዲወርድ ተባለ። ቦታውን ከላይ እንዲያይ ነጭ ጨርቅ ያስፈልጋል አሉ። የባለቤቴን ጋቢ ሰጠሁ፣ ነጠላዬን ሰጠሁ። ሃምሳ አለቃው ሁለቱን አጠላልፎ ግጦሹ መካከል ትልቅ መስቀል ሠራ፤ ጠርዝ ጠርዙን በድንጋይ ያዝነው። በራዲዮውም «ነጭ መስቀል! ነጭ መስቀል ላይ ውረድ!» እያለ ጮኸ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቁስለኞቹ ተመለስን።

መጠበቅ ክፉ ነው። እኔ አንዴ ልጄ ራስጌ እቀመጣለሁ፣ አንዴ ካቡ ላይ ወጥቼ ገደሉን አያለሁ፣ እንደገና እመለሳለሁ። ቀጭኑ ልጅ ከቁስለኛ ቁስለኛ እየዞረ በየመሐሉ የልጄን ጣቶች ይነካል፣ ይጫናል፣ ቀለማቸውን ያያል። «ምን ታያለህ?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል። ሁለታችንም አንድ ቦታ መቆም አቃተን። ልጄ ውሃ ውሃ ትላለች፤ አትስጧት ብሏል። ከንፈሯን በጨርቅ አርሳለሁ።

ድምፁ መጣ። ሄሊኮፕተሩ ከገደሉ ወጥቶ ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ዞረ። አይወርድም። ሃምሳ አለቃው ወደ ግጦሹ ሮጠና እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«መስቀሉስ?! መስቀሉ የት ሄደ?!»

ግጦሹ ላይ ድንጋዮቹ ብቻ ቀርተዋል። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን አዙሮ በገደሉ በኩል ወረደ፤ ድምፁም ራቀ።

አማቴ በዚያው ሰዓት በግጦሹ ዳር ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው የጸበሉን ቅል ይዘዋል፤ ጋቢና ነጠላውን አጥፈው፣ ካህን ታቦት እንደሚሸከም በራሳቸው ላይ አድርገውታል። ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» አሉ። «መስቀል ሜዳ ላይ ጥላችሁ በግ ታስረግጣላችሁ? ስመጣ አንዷ በግ መሐሉ ላይ ቆማ፣ ልናገረው አልችልም፣ ምን እንዳደረገችበት! ልጅ ቆስላ ተኝታ እንዲህ ይደረጋል? በዚህ ላይ ምሕረት ትለምናላችሁ?»

«እናቴ፣ ምን አደረጉ!» አለ ባለቤቴ፤ ግሉኮሱን ይዟልና ከቦታው መንቀሳቀስ አልቻለም።

«ምን አደረግሁ? አነሣሁት!»

ሃምሳ አለቃው «እማማ፣ ሰው ፈጁ እኮ!» ብሎ ሊነጥቃቸው ተነሣ። አሮጊቷ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት። ቢታገላቸው ኖሮ ወድቀው ይሰበሩ ነበር እንጂ አይለቁም ነበር፤ አውቃቸዋለሁ።

ቀጭኑ ልጅ በባዶ እግሩ መጣ። «አለቃ፣ ተዋቸው» አለና ፊታቸው ቆመ። ጥቅሉን ተሳለመ። «ልክ ነዎት፣ እማማ። መሬት ላይ አይሆንም ነበር። የገለባው ክምር ላይ ብናደርገውስ?»

አማቴ ወደ ክምሩ አዩ። ከአውድማው በታች ስለሆነ ከጠዋቱ ነፋስ ተርፏል፤ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል።

«በግ አይወጣበትም?»

«አይወጣበትም።»

«ሰው አይረግጠውም?»

«ማንም አይረግጠውም። ከዚያ ላይ ሆኖ ሰማዩ ብቻ ነው የሚያየው።»

ትንሽ አሰቡ። እኔ ጩኺ ጩኺ ይለኛል፤ ነፍሴ በልጄና በአሮጊቷ መካከል ተንጠልጥላለች። በመጨረሻ ጥቅሉን ከራሳቸው አወረዱ። «ከፍ አድርገህ ስቀለው» አሉት።

ልጁ ክምሩ ላይ ወጥቶ ዘረጋው። ሃምሳ አለቃው ራዲዮውን አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፤ «አንድ ዙር! ስለ ወንድ ልጅ አምላክ አንድ ዙር ብቻ! ገለባ ላይ ነው! ገለባ!» ይላል። ተኩሱ እንኳ ጋብ ያለ መሰለኝ። ልጄ ዓይኗን ጨፍናለች። አማቴ ጸበሉን ግንባሯ ላይ እያንጠባጠቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ተመለሰ። ዞረ፣ አየን፣ ግጦሹ ላይ ወረደ። ሲወርድ ነፋሱ ክምሩን ከሥሩ ነቀለው። ገለባው ሁሉ ተነሣ፤ ጋቢውና ነጠላውም ተያይዘው ወደ ላይ ወጡ፣ በራሳችን ላይ ተዘርግተው አለፉ፣ አፋፉን ተሻግረው ወደ ቆላው ጠፉ። አማቴ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እጃቸውን ዘርግተው «ዐረገ! ዐረገ!» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ሞቱ እስኪደርስ ያቺን ጋቢ ባስታወሰ ቁጥር «እናቴ ያሳረጓት ጋቢዬ» ይል ነበር።

ቁስለኞቹን እየተሻሙ ጫኑ። ቀጭኑ ልጅ ልጄን ታቅፎ ገባ፣ ከአንድ ቃሬዛ ጥግ አስተኛት፤ እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። እኔ በሩን ያዝኩ። አብራሪው ዞሮ ይጮሃል፣ እጁን ያወራጫል። ሃምሳ አለቃው ከውስጥ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኾ ነገረኝ፤ ተራራው ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ይህን ሁሉ ሰው ይዞ አይነሣም፣ አንድ ሰው ይውረድ ነው የሚለው። የአብራሪው ጣት ልጄ ላይ ነበር።

ቀጭኑ ልጅ ወደ ጣቱ አየ። ከዚያ ማሰሪያው ያለበትን ቦታ ለሃምሳ አለቃው እጁን ይዞ አስነካው፣ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀመጠለትና ዘሎ ወረደ። የሃምሳ አለቃውን ፊት አየሁት፤ ሊከለክለው ፈልጎ አልቻለም። እኔ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። ልጁ ክንዴን ያዘ።

«እትዬ፣ እርስዎ ከወጡ እሷ ትወርዳለች።»

ለቀቅሁ። እጄ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም። ሄሊኮፕተሩ እየከበደው ተነሣ፣ አፋፉን አልፎ ቁልቁል ወረደ። የወደቀ መስሎኝ ጮኽኩ። ኋላ ማዶ ላይ ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

ልጁ አውድማው ዳር ቁጭ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። እጁ እስከ ክንዱ ደም ነው። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣው እንጂ አልታጠበበትም። «የልጅቱን ስም ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ፤ እዚያ ሲደርሱ ይጽፉታል፤ አትጠፋብዎትም» አለኝ። የአንተስ ስም ብለው ፈገግ አለና «የእኔ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ጉብታው መንገድ ሄደ። በካቡ ሲታጠፍ አየሁት፤ ከዚያ አላየሁትም።

በዚያች ሌሊት ታጋዮቹ ጉብታውን መልሰው ያዙ። በማግስቱ ወንዶቹ ወጥተው የወደቁትን ቀበሩ። ባለቤቴ ሲመለስ ጠየቅሁት። «ቀጠን ያለ አለ» አለኝ። «ፊቱ አይለይም።»

እኔ ልጄን ፍለጋ ወጣሁ። ታጋዮቹ ወዴት ነሽ ይሉኛል፣ ልጄ ጋ እላለሁ፤ ወታደሮቹ ከየት ነሽ ይሉኛል፣ ከልጄ ቤት እላለሁ። ባገኘሁት ቤት አድሬ፣ ባገኘሁት መኪና ተጭኜ፣ ቁስለኛ ይወሰድበታል የተባለው ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ እያንዳንዱን ብርድ ልብስ ስገልጥ ነርሷ ተቆጣችኝ። ልጄ ናት ያየችኝ።

«እማዬ! በሬዎቹ ተገኙ?»

እግሯ ተርፏል። እስከ ዛሬ በቀዝቃዛ ቀን ትንሽ ታነክሳለች። ይህን የምትጽፈው የእሷ ልጅ ናት፤ አሁን ቀና ብላ «እማማ፣ ይቀጥሉ» ትለኛለች።

አማቴ ልጅቱ በሕይወት መኖሯን እስኪሰሙ ከጥሬ ሌላ አልቀመሱም። ያን መስቀል ስለማንሣታቸው ግን አንድም ቀን አልተጸጸቱም። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲመጣ ለዚያ ልጅ ጸሎተ ፍትሐት አስደርግለት ነበር። ካህኑ ስመ ክርስትናው ማነው ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ። «ማን ብዬ ልጥራው ታዲያ?» ይሉኛል። «ስለ ልጄ ከሄሊኮፕተር የወረደው ይበሉ።» እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ያልፉታል። አማቴ ሲያርፉ፣ ባለቤቴ ሲያርፍ፣ እሱንም ከእነሱ ጋር አስጠራሁት። ሙታኔ አደረግሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፀጉሬ ከነጣ፣ ከገበያ መዞር ጸበል ለጸበል ወደ መዞር ካለፍኩ በኋላ፣ እግሬ መርሐቤቴ አደረሰኝ። ጸበሉ አጠገብ ከአንዲት የእኔ እኩያ ሴት ጋር ለስንቅ የጋገርኩትን ዳቤ ተካፍለን ተቀመጥን። ከየት ነሽ አለችኝ። ማዶ ያለውን የመንዝ ገደል አሳየኋት። ሴትዮዋ ሳቀች። «ወንድሜ በዚያ ገደል ነው ወርዶ የመጣው» አለችኝ። «የጦር ሐኪም ነበር። አንዲት አሮጊት መስቀላቸውን ከመሬት አንሥታባቸው፣ ኋላም ቦታውን ለአንዲት ሕፃን ለቆ ቀረ።»

ዳቤውን አስቀመጥኩት። የት ነው የተቀበረው ልላት አስቤ፣ «የት ነው ያለው?» አልኳት።

«እዚሁ ነዋ። ልጆች አሉት፤ ትልቁን ባለፈው ዓመት ዳርን።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ሄሊኮፕተሩ ጠዋት ሲያወርደው አፋፉ ላይ ቆሞ ማዶውን ሲያይ የቀዬአቸውን ቤተ ክርስቲያን ደን ለይቶታል። በግዳጅ ከተያዘ ጀምሮ እናቱን አላያትም። ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር ሊከዳ ነው ብለው ይይዙታል። የዚያን ዕለት ማታ ወደ ጉብታው የሄደ መስሎ በገደሉ ወረደ፤ ቆላውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ ከእናቱ ደጅ ደረሰ። እጅጌው በደም ደርቆ ነበርና እናቱ ልብሱን አስወልቃ፣ ቁስሉን ፍለጋ ገላውን ሁሉ በእጇ ዳሰሰችው አለችኝ፤ ቁስል ግን አላገኘችበትም።